ያልተቀመጡት ሽማግሌ

ሃያት ስትደውል የአንዲት ሴትዮ ጉልበት ላይ መርፌ ልሰካ ጎንበስ ብዬ ነበር። ሥራ ላይ ስልክ አላነሳም። ሃያት ግን ቴክስት እንጂ ኮል አድርጋልኝ ስለማታውቅ ገና ስሟን ሳየው መርፌውን አስቀመጥኩ። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቄ ኮሪደር ላይ ወጣሁና አነሳሁት።

«ሰኒ፣ ባባ ሞተ» አለችኝ።

በቃ፣ እንዲህ ብላ። በእኛ ወግ መርዶ እንዲህ አይነገርም። «ጋሽ ሸምሱን ትንሽ አሟቸዋል፣ እስቲ ብቅ በይ» ይባላል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ ከዚያ ነው ቀስ ተብሎ የሚረዳው። የጋሽ ሸምሱ ልጅ ሃያት ግን ሲያትል አጠገብ፣ ሾርላይን ተወልዳ ያደገች የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ማለዘቢያውን ማንም አላስተማራትም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ግድግዳውን ተደግፌ ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አልኩ። ከተቀመጥኩ በኋላ ደግሞ ደነገጥኩ። እሳቸው ቢያዩኝ «አንቺ ልጅ፣ ምን እሺ ተባልሽና ነው የተቀመጥሽው?» ይሉኝ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንደሚሉኝ እንዲገባችሁ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ጋሽ ሸምሱን ያወቅኳቸው እዚሁ ሲያትል፣ አኩፓንክቸር ስንማር ነው። የቻይና መርፌ የምንለውን። እኔ በዲቪ መጥቼ አረጋውያን ቤት እየሠራሁ፣ የሰው ጀርባ ማሸት ሲሰለቸኝ «ለምን ሙያውን አልይዝም» ብዬ የገባሁ ነኝ። እሳቸው ደግሞ በስልሳ አንድ ዓመታቸው! የመጀመሪያው ቀን ክፍል ሲገቡ አስተማሪ መስለውኝ ብድግ አልኩ። እሳቸው ግን «ተቀመጪ፣ ተቀመጪ» እያሉ አጠገቤ መጥተው ደብተራቸውን ዘረጉ። አንድ ሐበሻ ክፍል ውስጥ በማግኘቴ ደስ ይበለኝ ወይስ ልሳቅ ግራ ገባኝ።

ቡታጅራ ብዙ ዘመን ድሬሰር ነበሩ። ድሬሰር እንግዲህ ዶክተር በሌለበት ዶክተሩ እሱ ነው፤ ቁስል ያጥባል፣ የተሰበረ ይጠግናል፣ ከሁሉ በላይ መርፌ ይወጋል። የኛ ሰው መርፌ ካልተወጋ መቼ የታከመ ይመስለዋል! አሜሪካ ከመጡ በኋላ ኤቨረት የአውሮፕላን ዕቃ የሚሠራበት ፋብሪካ ውስጥ የከሰዓት ፈረቃ ይገባሉ፤ ጠዋት ጠዋት ከእኛ ጋር ይማራሉ። ለልምምድ መጀመሪያ የሰጡን ብርቱካን ነው፣ መርፌውን እሱ ላይ እንድንሰካ። ጋሽ ሸምሱ ብርቱካኑን አገላብጠው አዩትና «ቡታጅራም የጀመርኩት በብርቱካን ነው። ይሄን ሁሉ አገር ዞሬ መልሰው ብርቱካን ሰጡኝ» ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

እጃቸው ግን ሌላ ነበር። መርፌ ሊሰኩ ሲሉ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፦ «እናትሽ ማን ይባላሉ?» ፈረንጁንም በእንግሊዝኛ ያንኑ ነው የሚጠይቁት። ሰው የእናቱን ስም ሲጠራ መቼም ሰውነቱ ይለሰልሳል፤ ስሙን ጠርቶ ሳይጨርስ መርፌው ገብቷል። አንዱን በሽተኛ አሥር ጊዜ ቢያክሙት አሥር ጊዜ ይጠይቁታል። «ረሱት እንዴ ጋሼ?» ስላቸው «እኔ አልረሳሁም፤ እሱ እንዲያስታውስ ነው» ይሉኛል። ሰው መርፌ አይፈራም፣ የሚፈራው የማያውቀውን እጅ ነው የሚል እምነት ነበራቸው። መምህራችን ይህችን ነገር ደብተሯ ላይ ጻፈቻት።

ትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ነበረው፣ እኛ በመምህር እየታየን የምናክምበት። እዚያ ከሚመጡት አንዷ ዘነቡ ናት፤ አርባዎቹ ውስጥ ያለች፣ የሆቴል ላውንድሪ ውስጥ የምትሠራ ዝምተኛ ሴት። እርጥብ አንሶላ ስታነሳ ስትጥል ቀኝ ትከሻዋ አልታዘዝ አላት። እጇ ከደረቷ በላይ አይወጣም። ጸጉሯን ማበጠር ስለማትችል ሁልጊዜ ሻሽ አስራ ነው የምትመጣው፤ ሻሹንም የምታስርላት ጎረቤቷ ናት። «እናትሽ ማን ይባላሉ?» ይሏታል ጋሽ ሸምሱ። «ይመኙሻል።» መርፌው ገባ። በሁለተኛው ወር ገደማ አንድ ማክሰኞ ሻሿን አውልቃ፣ ጸጉሯን ራሷ ሁለት ቦታ ጎንጉና መጣች። በሩ ላይ ቆማ ዞር ዞር ብላ አሳየችን። እልል ልል ምንም አልቀረኝም፤ ክሊኒክ ነው ብዬ ዋጥኩት።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። ኢንሹራንሷ የመርፌውን ሕክምና ከዚህ በላይ አልከፍልም አለ። የሕመም ማስታገሻ ክኒኑን ግን እስከፈለገች ድረስ ይከፍላል። ክኒኑ ደግሞ ያፈዛታል፤ ባስ ላይ እንቅልፍ ይጥላትና መውረጃዋን ታልፋለች። ከወር በኋላ ኖርዝጌት ባቡር ጣቢያ ሳገኛት ሻሿ ተመልሷል። ለጋሽ ሸምሱ ስነግራቸው ደብተራቸውን ዘጉ። እሳቸው በዚያ ዕድሜ የሚማሩት ሾርላይን ውስጥ ትንሽ ክፍል ከፍተው እንደ ዘነቡ ያሉትን፣ በጉልበታቸው የሚያድሩትን ሊያክሙ ነበር። ኢንሹራንስ ካልከፈለ ያ ክፍል ለማን ሊሆን ነው?

ሶ፣ በየዓመቱ ጥር ላይ የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች የግዛታችን ዋና ከተማ ኦሎምፒያ፣ የሕግ አውጪዎቹ ቤት ድረስ እየሄዱ ኢንሹራንስ አኩፓንክቸርን እንደ ሌላው ሕክምና እንዲሸፍን ይለምናሉ። ሎቢ ማድረግ ይሉታል። መምህራችን አሠለጠነችን፦ ስም፣ ሰፈር፣ ጥያቄ፣ ምስጋና፣ ወረቀት ትቶ መውጣት፤ ስምንት ደቂቃ። ጋሽ ሸምሱ ጠጋ አሉኝ።

«ይሄ ሽምግልና ነው» አሉ።

«ኧረ ጋሼ፣ ሽምግልና ሚስት የሚጠየቅበት ነው።»

«ምን ልዩነት አለው? እምቢ ያለ ሰው ቤት ሄደሽ እሺ ታሰኚያለሽ።»

እንግሊዝኛቸው ደህና ነው፣ ፈተናውን ሁሉ ያለፉበት ነው። ለቁም ነገር ግን «በተውሶ አፍ አልለምንም» ብለው እኔን አስተርጓሚ አደረጉኝ። ሦስተኛው የቡድናችን ሰው ኬቨን የሚባል፣ ስልኩ ላይ ደቂቃ የሚቆጥር የክፍላችን ልጅ ነው። መኪናውን የነዳችልን ሃያት ናት። ያኔ ገና ሃይስኩል ትጨርስ ነበር።

የእኛ ጉዳይ የተያዘበትን ኮሚቴ የሚመራው ሴናተር ቢሮ ገባን። ጸሐፊዋ ፈገግ ብላ ወንበር አሳየችን። ኬቨን ተቀመጠ። ጋሽ ሸምሱ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ነጭ ቆባቸውን አድርገው፣ እጃቸውን አጣምረው ቆሙ። «ፕሊስ» አለቻቸው። «ኖ፣ ታንክዩ» አሏት።

ጌታ ሆይ! ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በአገራችን ሽማግሌ ለትልቅ ጉዳይ ሰው ቤት ሲላክ መች ዝም ብሎ ይቀመጣል! «ኧረ ተቀመጡ» ሲባል «የመጣንበት እሺ ሳይባል አንቀመጥም» ይላል። ባለቤቱ ወጉን ስለሚያውቅ አይደነግጥም። የኦሎምፒያ ጸሐፊ ግን በምን አባቷ ታውቃለች?

«ጋሼ በናትዎ ይቀመጡ፣ እዚህ ነውር ነው» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ነውሩስ ሳይሰሙን መቀመጥ ነው።»

ሃያት በሩ ጋ ሆና ጆሮዋ ላይ የሰካችውን ማዳመጫ አወጣች። «ባባ፣ ጀስት ሲት ዳውን! ለምን እንደ ሰው አትሆንም?» አለች። እሳቸው ዞር ብለው አላዩዋትም። ጸሐፊዋ ሦስቴ ለመነች። ከዚያ ተቃውሞ የወጣን መስሏት ነው መሰል ስልክ አነሳች፤ ወዲያው አንድ ግንድ የሚያህል ዘበኛ መጥቶ በሩ ላይ ተገተረ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ኬቨን ብድግ አለ፣ ተቀመጠ፣ መልሶ ብድግ አለ። ጋሽ ሸምሱ ግን ዘበኛውን አይተው ደስ አላቸው። «አየሽ፣ እሱም አልተቀመጠም» አሉኝ።

ሴናተሩ ወጣ። ረጅም፣ ፊቱ የደከመው፣ ከጋሽ ሸምሱ ጋር እኩያ የሚሆን ሰው ነው። ምን ተፈጠረ አለ። ላቤ እየፈሰሰ ወጉን አስረዳሁት። ትንሽ አሰበና «እምቢ ብልስ?» አለ።

«ቆመን እንመለሳለን። በዓመቱ ቆመን እንመጣለን» አሉ ጋሽ ሸምሱ። ቀጥለውም «እናትዎ ማን ይባላሉ?» አሉት።

ይህንን አልተረጉምም ብዬ ነበር። ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ፣ ተረጎምኩት። «ሩት» አለ ሴናተሩ፣ ድምፁ ቀነስ ብሎ።

«እንግዲህ የወይዘሮ ሩት ልጅ፣ እኛ የመጣነው ጸጉሯን ማበጠር ስላቃታት ስለ አንዲት ሴት ነው» ብለው ጀመሩ። የዘነቡን ነገር ከአንሶላው እስከ ሻሹ ነገሩት። ሴናተሩም እንግዳ ቆሞ እሱ ሊቀመጥ አልሆነለትም፤ ሁላችንም ቆመን፣ ዘበኛውም ቆሞ፣ ስምንት ደቂቃው ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። መጨረሻ ላይ ግን «ዘንድሮ አይሆንም፣ በጀቱ አይፈቅድም» አለን።

መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ሆዴ ቡቡ ነው፣ ምን ላድርግ። ሃያት በንዴት ትነዳለች። ጋሽ ሸምሱ ብቻ ደስ ብሏቸዋል። «እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል። ከሺ የሚበልጥ ነገር በአንድ ቀን ይገኛል እንዴ? አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ ካለ፣ ሰው ልጅቷን ምን ነካት ነው የሚለው!»

በሁለተኛው ዓመት ተመርቀን ፈቃድ አውጥተናል። እሳቸው ሾርላይን አንዲት ጠባብ ክፍል በሳምንት ሁለት ቀን ይዘው ዘነቡን በነጻ ያክሟታል፤ ጸጉሯም ተመልሶ ተጎንጉኗል። እንደ ዘነቡ ያሉት ግን ብዙ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ ከሰዓት ኤቨረት መግባት አለባቸው። ስንቱን በነጻ ይችሉታል? ጥር ሲመጣ ኦሎምፒያ ሄድን። ሃያት «አይ ካንት» ብላ ቀረች። ዘበኛው ከሩቅ አውቋቸው እጃቸውን ጨበጠ። ሴናተሩ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ፤ ጉዳያችንን ለጸሐፊዋ ተናገርን፣ ቆመን። መልሱ እምቢ ሆነ። ስንመለስ ጋሽ ሸምሱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ደከመኝ» አሉ። እኔ ስለ መንገዱ መስሎኝ ነበር።

ጉበታቸው ነበር። በዓመቱ ውስጥ ሰውነታቸው አለቀ፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። መርፌ ያዥ እጅ ከተንቀጠቀጠ ምን ይሆናል? አንድ ቀን ዘነቡን አስተኝተው መርፌውን ይዘው ብዙ ቆዩና መልሰው አስቀመጡት። በዚያው ሳምንት ክፍሉን ለቀቁ። እኔም ሰው ክሊኒክ ተቀጥሬ ነው የምሠራው፣ ኢንሹራንሱ ያልከፈለለትን ማስገባት አልችልም። ዘነቡ ወደ ክኒኗና ወደ ሻሿ ተመለሰች።

በሦስተኛው ጥር «ዘንድሮ ይቅርብዎ» ብዬ ለመንኳቸው። ማን ሰምቶኝ! ከዘራ ይዘው መጡ። ሃያት ነዳች፤ ብቻቸውን ልትለቃቸው አልቻለችም። ጸሐፊዋ ወንበር እንኳ አላሳየችንም፣ እሷ ራሷ ተነስታ ቆመች። ሴናተሩ ሲያያቸው ደነገጠ። «እባክዎ፣ ዘንድሮስ ይቀመጡ» አለ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አዳመጠን፣ አዳመጠንና «ኦኬ፣ ሂሪንግ አደርግለታለሁ» አለ፤ ኮሚቴው ፊት ጉዳዩ ይሰማል ማለቱ ነው።

ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ሱሪያቸው ላይ ይታየኝ ነበር። ዋሸሁ። «እሺ ብለዋል ጋሼ፣ ይቀመጡ» አልኳቸው።

ቀስ ብለው ዞሩና አዩኝ። «አንቺ ልጅ፣ ሂሪንግ መስማት ነው። መስማት እሺ ማለት ቢሆንማ ሃያትም ስንቴ ሰምታኛለች።» ሃያት ሳቀች፤ ስትስቅ እንባዋ ዱብ አለ። እሳቸው አልተቀመጡም። እየደገፍናቸው፣ በእግራቸው ወጡ።

መኪና ውስጥ እፍረት ይገድለኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን እጄን ያዙ። «ለእኔ አዝነሽ ነው፣ አውቃለሁ» አሉኝ። «ግን እኔ ብቀመጥ ዘነቡም ተቀመጠች ማለት ነው።»

ሂሪንጉ ተደረገ። ዘነቡ ሻሿን እንዳሰረች ለሁለት ደቂቃ ተናገረች፣ ተረጎምኩላት። ድምፅ ሳይሰጥበት ጊዜው አለቀና ለሚቀጥለው ዓመት ተባለ። ለጋሽ ሸምሱ የሚቀጥለው ዓመት አልነበረም። መስከረም ላይ ሃያት ያንን ስልክ ደወለችልኝ።

ከቀብሩ በኋላ ለወራት አልተደዋወልንም። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ትቼው ነበር። ማን ቆሞ ይጠብቃል ብዬ። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ ሃያት ናት፣ እንደገና ኮል አድርጋ።

«ሰኒ፣ ጃንዋሪ መጣ። እንሄዳለን፣ ራይት? ዘነቡንም ፒክ አደርጋታለሁ።»

ሦስት ሴት ሆነን ሄድን። እንዲህ ያለ ሽማግሌ በአገራችን ታይቶ አያውቅም። ሴናተሩ ወጥቶ አየን፤ ከኋላችን ደግሞ በሩን አየ፣ እሳቸውን ፈልጎ። እኔ አፌን ስከፍት ሃያት ክንዴን ያዘች። «እኔ አወራለሁ» አለች። አባቷ በተውሶ አፍ አልለምንም ያሉበት ቋንቋ የእሷ የራሷ ነው። «አባቴ ሞቷል። ሦስት ጊዜ ቆሞ መጣ። አራተኛውን እኔ ቆሜለታለሁ» አለችው፣ ድምፅዋ ሳይሰበር። አንድ ጊዜ እንደ ሰው ሁን ያለቻቸው ልጅ!

ሴናተሩ ወደ እሷ ቀረብ አለ። ከዚያ «አባትሽ የእናቴን ስም ጠይቆኝ ነበር» አላት። «ከእናቴ ቀብር ወዲህ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የእሱ እናት ማን ይባሉ ነበር?»

ሃያት አታውቀውም። ዞራ አየችኝ። እኔም አላውቅም! ስንቱ ሰው የእናቱን ስም ሲነግራቸው በጆሮዬ እየሰማሁ፣ ያን ሁሉ ዓመት አጠገባቸው ቆሜ፣ አንድ ቀን እንኳ «የእርስዎስ?» አላልኳቸውም። ፊቴ በእሳት የተለበለበ መሰለኝ።

«ከድጃ» አለች ዘነቡ ከኋላችን።

ያንን ጥያቄ በእንግሊዝኛ ከጋሽ ሸምሱ አፍ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች፤ ትርጉም አላስፈለጋትም። «ወይዘሮ ከድጃ ይባላሉ» አለችን ወደ እኛ ዞራ፣ በቀስታ። «እሳቸው ሲጠይቁኝ እኔም ጠየቅኳቸው። ሳይጠየቅ ይቀራል?»

ሴናተሩ «ከድጃ» ብሎ ደገመው፣ አፉ እየተሰናከለ። «የከድጃ ልጅ ጉዳይ ዘንድሮ ድምፅ ይሰጥበታል። የእኔ ድምፅ ድጋፍ ነው። አሁን ትቀመጣላችሁ?»

ሃያት ወደ እኔ ዞረች። «ሰኒ፣ ይሄ መስማት ነው ወይስ እሺ?» አለችኝ በአማርኛ።

«እሺ ነው» አልኳት።

አላመነችኝም። ባለፈው ዓመት መዋሸቴን አልረሳችም። ወደ ሴናተሩ ዞራ «የስ በለኝ» አለችው። «የስ» አላት። ያን ጊዜ ወንበሩን ሳብ አድርጋ ተቀመጠች፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና እንደ ሕፃን አለቀሰች። ዘነቡ ተቀመጠች፣ እኔ ተቀመጥኩ፣ ጸሐፊዋም ተቀመጠች።

ሕጉ ወጣ። የጠየቅነው ሁሉ አልተሰጠንም፤ የዘነቡ ትከሻ ግን ገብቶበታል። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ የምሠራበት ክሊኒክ ትመጣለች። ባለፈው ሳምንት ጸጉሯን ራሷ ሁለት ቦታ ጎንጉናው መጣች፤ አንደኛው ጉንጉን ትንሽ ተንጋዷል። ዘንድሮ አልዋጥኩትም፣ እልል አልኩ፤ የጎረቤት ክፍል በሽተኞች ብቅ ብለው አዩን። አስተኛኋትና መርፌውን ይዤ «እናትሽ ማን ይባላሉ?» አልኳት።

ሳቀች። «ለጋሼ ስንት ዓመት ስነግራቸው ሰምተሽ የለም እንዴ? ለአንቺ ደግሞ እንደ አዲስ ልጀምር? ይመኙሻል!» አለችኝ።

መርፌው ገብቶ ነበር።